በቅሎ ትበረግጋለች፣ ሰው ይደነግጣል

የመንዝ ሰው ሁለቱን ቃላት አያምታታም። ገደል አፋፍ ላይ ቆቅ ከእግሯ ሥር ብር ብላ ስትነሣ በቅሎዋ «በረገገች» ይላል፤ የልጁን መርዶ የሰማ አባት ግን «ደነገጠ» እንጂ «በረገገ» አይባልም። ሰውም ቢሆን ይበረግጋል፤ ተኝቶ ሳለ በሩ ሲደበደብ በርግጎ ይነሣል። መበርገግ የጅማት ሥራ ነው፤ ሐሳብ ሳይደርስ ሰውነት ቀድሞ ይዘላል። ድንጋጤ ከኋላ ይደርሳል፤ ሲደርስም እጅን ሥራ አያስፈታም። አንዷ ጭኗን ትመታለች፣ ሌላዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ አንዱ እጁን አናቱ ላይ ይጭናል፣ አንዱ ያማትባል። ማን አስተማራችሁ ቢባሉ ማንም አላስተማረንም፣ አብሮን የተወለደ ነው ይላሉ። እኔ ግን ይህ እጅ የራሱ ታሪክ አለው ባይ ነኝ፤ ከፊሉም በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያልፋል።

በ1448 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዛሬ ደብረ ብርሃን የምንላት ቦታ ላይ ሰፍረው ሳለ ሰማዩ ላይ ብርሃን ታየ። ዜና መዋዕላቸው ተአምር ነው ይለዋል። ንጉሡ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት፣ ከተማ አደረጉት፣ ስሙም ከዚያ ቀረ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ጊዜውን አስልተው በዚያው ዓመት የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላን አጥብቀው የሚፈሩ፣ አጥብቀውም የሚያሳድዱ ንጉሥ ነበሩ። ሕዝቡ ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ ክንዶቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ቃል እንዲጽፍ አዋጅ ማስነገራቸው ተመዝግቧል። ማማተብ ከእሳቸው በፊትም ነበረ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ትከሻ የምትሄደው ጣት ያን ጊዜም መንገዷን ታውቅ ነበር። የእሳቸው አዋጅ የጨመረው ነገር ቢኖር የፍርሃቱ መድኃኒት ከጣት ወርዶ ቆዳ ላይ እንዲያድር ማዘዙ ነው። ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች አሮጊት መንዝ ውስጥ ዛሬም አትጠፋም። ንቅሳቱ ከዚያ አዋጅ በቀጥታ ወረደ ማለት ድፍረት ይሆናል፤ ግንባር ግን በዚህ አገር ተራ ቦታ ሆኖ አያውቅም። ዕድል የሚጻፈው እዚያ ነው። ሰው ሲሳካለት «ግንባሩ ነው» ይባላል፤ ሳይሳካለትም እንደዚያው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አራት መቶ ዓመታት ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉት አባቶች ስማቸውን ለመንዝ ሦስት ምድሮች አወረሱ፤ የጓሳው ሣር በቄሮ ሥርዓት እየተጠበቀ በየተወሰነ ዓመቱ ብቻ ይታጨድ ጀመር፤ የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት ነጋሲም ከዚሁ ከመንዝ ተነሣ። በቤት ውስጥ ግን የፍርሃት ቋንቋ ሌላ ነበር። በጣም የደነገጠ ሰው «ቆሌው ተገፈፈ» ይባላል፤ ልክ እንደ በርኖስ ከላዩ ላይ የሚገፈፍ ነገር እንዳለው። ሕፃን በርግጎ ሲያለቅስ እናት መጀመሪያ ስመ ሥላሴን ትጠራለች፣ ቀጥሎ ታቅፈዋለች፤ ትራሱ ሥርም ብረት ታኖራለች። ሕፃኑ ገና መናገር ሳይጀምር ድንጋጤ በምን እንደሚመለስ በየሌሊቱ ይማራል።

በ1848 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ። ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ልጃቸው ምኒልክም ተማርኮ ሄደ። ወደ ዐሥር ዓመት ገደማ በእጃቸው ኖሮ በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ ወደ ሸዋ ተመለሰ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ያንኑ አምባ ሰበረ። ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሰባት ዓመት ሊሞላው የደረሰው ልጃቸው ዓለማየሁ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ከአምባው ወረደ፤ እናቱም ገና ከአገር ሳይወጡ በመንገድ ላይ አረፈች። ልጁን ካፒቴን ስፒዲ ተረከበው። የእኛ ሰው ባሻ ፈለቀ ይለዋል። ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚያውቅ መኮንን ነበር። ዓለማየሁ ከእሱ ተለይቶ ማደር ይፈራ ነበር ይባላል። አባቱ በሞቱ በሳምንታት ውስጥ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው፤ ባይፈራ ነበር የሚገርመው።

በዚያው ክረምት ልጁና ባሻ ፈለቀ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት ላይ ነበሩ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ሁለቱንም በአበሻ ልብስ አነሣቻቸው። ልጁ ፎቶው ላይ አይስቅም። በዚያው ወቅት እዚያችው ደሴት ላይ ከካሜሮን ቤት ተከራይቶ ከቤተሰቡ ጋር የሚያርፍ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱንም በዚያው መሣሪያ አንሥታዋለች። ሰውየው ቻርልስ ዳርዊን ነው።

ዳርዊን ያን ጊዜ የሰው ልጅ ሁሉ ሲደነግጥ፣ ሲያዝን፣ ሲቆጣ ፊቱ አንድ ዓይነት ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ተጠምዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1867 16 ጥያቄ ያለበት ወረቀት አሳትሞ በሩቅ አገር ለሚኖሩ ሚሲዮናውያንና መኮንኖች በትኗል። የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ ስለዚሁ ነው፤ ሰው ሲገረም ዓይኑና አፉ ይከፈታሉ ወይ፣ ቅንድቡስ ወደ ላይ ይነሣል ወይ ይላል። 36 መልስ መጣለት። ከመላሾቹ አንዱ ባሻ ፈለቀ ሲሆን፣ የመለሰው ከፊሉን ከትዝታው፣ ከፊሉን ደግሞ በእጁ ካለው ከንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ ላይ እያየ እንደሆነ ዳርዊን በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ይነግረናል። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1872 ሲወጣ ዓለማየሁ 11 ዓመቱ ነበር። ስሙ አልተጻፈም፤ «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ተብሎ ብቻ አለፈ።

ባሻ ፈለቀ ስለ አበሻ ሦስት ነገር አስመዝግቧል። አንደኛ፣ አበሻ እምቢ ሲል ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ሰበር አድርጎ አፉን ሳይከፍት ምላሱን ቀጭ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ እሺ ሲል ራሱን ወደ ኋላ ወርወር አድርጎ ቅንድቡን ለአፍታ ያነሣል። እነዚህን ሁለቱን ለማረጋገጥ መሐል ሜዳ ገበያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አንባቢው የሚቀጥለው ሰው «ቡና ትጠጣለህ?» ሲለው ራሱን ይታዘብ። እንዲያውም ቅንድቡን ስናነሣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «ህ» የምንላትን ነገር ባሻ ፈለቀ አልጻፋትም እንጂ የውጭ ሰው ከሁሉ በላይ የሚደናገረው በእሷ ነው። ለእኛ «አዎ» ናት፤ ለእሱ ጆሮ ግን የድንጋጤ ትንፋሽ ትመስለዋለች። «ምን ሆንሽ?» ብሎ የሚነሣ ፈረንጅ ያላየ ማን አለ?

ሦስተኛው የኛው ጉዳይ ነው። አበሻ ሲገረም ቀኝ እጁን፣ መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ፣ ግንባሩ ላይ ያደርጋል ይላል። እስኪ አሁን ይሞከር፤ የእጅ ጀርባ ግንባርን ይነካል፣ መዳፉ ፊት ለፊት የቆመውን ያያል። ዱላ የሚመክት ሰው ይመስላል፤ ፀሐይ ዓይኑ የገባበትም ይመስላል። እኔ ዛሬ በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ በዚህ መልክ የሚደነግጥ ሰው አዘውትሬ አላይም። አፍ ይያዛል፣ አናት ይያዛል፣ ጭን ይመታል። ታዲያ ባሻ ፈለቀ ተሳሳተ? ሁለቱን ምልክቶች እንዲያ አጥርቶ ያየ ሰው ሦስተኛውን ከአየር ላይ ፈጠረው ብዬ ለመፍረድ እቸገራለሁ። ሊሆን የሚችለው የአንድ ዘመን፣ ምናልባትም የአንድ ግቢ ልማድ አይቶ ለአገሩ ሁሉ መስጠቱ ነው። ያየው እጅ ደግሞ የዚያ የሰባት ዓመት ልጅ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ያ ልጅ እንዴት እንደሚደነገጥ የተማረው ከአባቱና ከእናቱ ነበር፤ ሁለቱም በሌሉበት አገር እጁን ወደ ግንባሩ ሲያነሣ የተመለከተው ሰው ልማዱን ለሳይንስ መዘገበለት። ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ። የተቀበረው ዊንድሰር ነው።

ዳርዊን ግን ራሱንም አላለፈም። ለንደን የአራዊት ማቆያ ገብቶ መርዘኛ እባብ ካለበት ወፍራም መስታወት ላይ ፊቱን ለጠፈ፤ እባቡ ቢወረወርም አልሸሽም ብሎ ወስኖ ነበር። እባቡ ሲወረወር ግን በአንዴ አንድ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ዘሎ ተገኘ። መስታወቱን ያውቃል፣ እባቡ እንደማይደርስበትም ያውቃል፤ እግሩ ግን ይህን ሁሉ አልጠየቀውም። መንዝ ቢሆን ኖሮ ጎረቤቱ ቋንቋ አይቸግረውም ነበር፤ ዳርዊን በረገገ ይለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ መበርገግ የላቦራቶሪ ጉዳይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1918 ኤርንስት ሞሮ የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም አራስ ሕፃናት ድንገት ሲናጉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው እንደሚሰበስቡ ጻፈ፤ የሚይዙትን እንደሚፈልጉ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1939 ላንዲስና ሀንት የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሰውን መበርገግ በፈጣን የፊልም ካሜራ አንሥተው መጽሐፍ አወጡ። ከሰውየው ጀርባ ሽጉጥ ይተኮሳል። ከሁሉ በፊት ዓይን ይጨፈናል፤ ቀጥሎ አንገት ወደ ፊት ይሰበራል፣ ትከሻ ይነሣል፣ ክርን ይታጠፋል፣ ጣት ይጨበጣል፣ ሆድ ይሰበሰባል፣ ጉልበት ሸብረክ ይላል። ሁሉም ከግማሽ ሰኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ጥይት የለመዱ ፖሊሶችንም ፈተኑ፤ ሌላው ቢቀንስላቸውም የዓይናቸው ቆብ ግን መጨፈኑን አልተወም። ጭን የመታ፣ አፉን የያዘ፣ ያማተበ አንድም የለበትም። ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ፣ ከቤት የተለመደ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ መንዝ ውስጥ የተተኮሰው ለምርምር አልነበረም። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች አርበኞች መንዝንና መርሐቤቴን ለፋሺስት ጦር የማይቀመስ አድርገውት ነበር። በሰማይ ድምፅ ሲሰማ መሬት ላይ መተኛትን፣ ዛፍ ሥር መለጠፍን አገሬው የተማረው በእነዚያ አምስት ዓመታት ነው፤ ከዚያ በፊት በዚህ ደጋ ከሰማይ የሚመጣ ጩኸት መብረቅ ብቻ ነበር፣ ለመብረቅ ደግሞ ይማተባል እንጂ አይተኛም። ዘረት አካባቢ ባለው አመፀኛ ዋሻ የሸሸጉትን አርበኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጦሩ ከበባቸው፤ የመርዝ ጋዝም ተጠቀመ። እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶች ተረሸኑ። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። የኢጣሊያኑ ታሪክ ጸሐፊ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ሰነዱን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሻውን እስኪያገኘው ድረስ ነገሩን የሚያውቀው በዙሪያው ያለው ሰው ነበር። ቀጥለው የገቡት የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪዎች የሰው አጥንትና የቤት ዕቃ ስብርባሪ አገኙ። ያን ያየ ሰው እጁን የት ያደርጋል? እንዲህ ላለው የተማርነው ምልክት ያለን አይመስለኝም፤ ሰው ዝም ብሎ ይቆማል።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. ምድር ራሷ በረገገች። ከመንዝና ከጊሼ ገደል ሥር ባለው ቆላ፣ ካራቆሬ አካባቢ፣ መሬት ለቀናት ተንቀጠቀጠች፤ ከባዱ 6.7 ተለካ። ማጀቴ ፈረሰች፤ ከካራቆሬ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ተደረመሱ፤ የደሴ መንገድ ተሰነጣጠቀ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሬት መንቀጥቀጥ መመልከቻውን ያቋቋሙት አባ ፒየር ጉዋን፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ፣ ነገሩን ተከታትለው ኋላ በጻፉት ትልቅ የመንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ አስገብተውታል። የመሬት መንቀጥቀጥ ለመበርገግ አይመችም። ከአውሬ ይሸሻል፣ ከጥይት ይተኛል፣ ከመሬት ወዴት ይሸሻል? ስለዚህ እጅ ያገኘውን ይይዛል፤ ምሰሶ፣ ልጅ፣ በር። ቀጥሎ የሚመጣው የሁሉም በአንድነት ነው፤ «እግዚኦ!» ይባላል፣ ጉልበት መሬት ይነካል።

ዶናልድ ሌቪን የሚባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ያጠናው በእነዚያው ዓመታት ነው። ኋላ ጋሽ ሊበን የተባለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣው «ሰምና ወርቅ» ወንድ ልጅ ችግርን ችሎ እንዲያድግ፣ ቁጣውን እንጂ ፍርሃቱን እንዳያሳይ የሚደረግበትን አስተዳደግ በሰፊው ጽፏል። መንዝ ውስጥ የወንድ ድንጋጤ ለማያውቅ ሰው አይታይም። ጋቢውን እንደገና ያጣፋል፣ ዱላውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ያዛውራል፣ «እንዲህ ነው እንዴ?» ይላል። ያ ሰው ውስጡ ክው ብሏል።

የሴቷን ለማየት የመርዶ ማለዳ ይበቃል። መርዶ ሌት ሳይነጋ ይነገራል፤ ዘመድ ተሰብስቦ በውርጭ ይመጣል፣ ደጅ ላይ ቆሞ ያንኳኳል። ባለቤቷ በሩን ስትከፍት የምታየው ሽማግሌው ፊት ቆሞ፣ አክስቶቿ ከኋላው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው። ማንም ገና አልተናገረም። «ምነው? በደህና?» ትላለች፤ ድምፁ ግን ከጉሮሮዋ አይወጣም። መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፤ ያ የበቅሎዋ ነው። ከዚያ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል። ከዚያ ጭኗን ትመታለች፣ ከዚያ ደረቷን፤ ወደ ፊቷ ሊሄድ ሲል አክስቶቿ ሁለት እጇን ከግራና ከቀኝ ይይዛሉ። የመጡት አንድም ለዚሁ ነው፤ ሌሊቱን ሲማከሩ ማን በየትኛው እጇ እንደሚቆም ሳይቀር ተነጋግረዋል። እጅ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉም ያውቃል፤ የእነሱም እጅ ያንኑ መንገድ ሄዶበታል። ፊት እንዳይነጭ ተይዞ፣ ደረት መደቃቱ ግን ይፈቀድላታል። ሰውነት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይህን ቅደም ተከተል ከየት ያመጣዋል?

መበርገግ ራሱስ ትምህርት የለበትም ወይ? ለዚህ መልስ የሰጡት የጓሳ ጭላዳዎች ናቸው። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ጅባራውና ሣሩ መሐል ጭላዳዎች በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ሲግጡ ይውላሉ፣ ማታ ወደ ገደላቸው ይወርዳሉ። ሲደነግጡና ሲያስፈራሩ የላይ ከንፈራቸውን ገልብጠው ድዳቸውን ያሳያሉ፣ ነጣ ያለ የዓይን ቆባቸውን ብልጭ ያደርጋሉ። ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ሲያጠኗቸው የኖሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ነገር አሳተሙ። ቀይ ቀበሮ መንጋው መሐል ቀስ ብሎ ሲገባ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አይተው ግጦሻቸውን ይቀጥላሉ። ቀበሮው የሚፈልገው አይጥ ነው፤ በመንጋው መሐል ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶው ብቻ። ውሻ ብቅ ካለ ግን መንጋው በአንዴ ወደ ገደሉ ይሮጣል። ሁለቱን እንስሳት ከሩቅ ለለየ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ቁመታቸውም አካሄዳቸውም ይቀራረባል። አንድ ጊዜ ቀበሮ የጭላዳ ግልገል ይዞ ተገኘ፤ መንጋው ተነሥቶ አስጣለው፣ አሳደደውም። ሩጫው አብሯቸው የተወለደ ይሆናል፤ ከማን እንደሚሮጥ ግን በየትውልዱ ከእናት ጀርባ ላይ ሆኖ የሚታይ ነው።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ነቀነቃት። ገና ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። የኮንዶሚኒየማችን ሰው በደረጃው እየተጋፋ ግቢ ወረደ፤ ብርድ ልብስ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን የሆነ፣ የጀበና ክዳን ሳያውቀው በእጁ ይዞ የወጣ ነበረ። የወጣቶቹ እጅ መጀመሪያ የፈለገው ስልክ ነው፤ አንዱ ስልኩን ሳያስቀምጥ አማተበ፣ ብርሃኑም በግንባሩ፣ በደረቱ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ ላይ ዞረ። ከአራተኛ ፎቅ የወረዱት የመርሐቤቴ ሴት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ሕንፃውን ቀና ብለው አዩት። «ወይኔ ልጄን!» አሉና ጭናቸውን መቱ፤ ልጃቸው ከኋላቸው ቆሟል። የልጅ ልጃቸው፣ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ እግሩ ላይ ብቻ ካልሲ አድርጎ አያቱን ትክ ብሎ ያያል። አላለቀሰም። ጥቂት ቆየና በትንሿ መዳፉ የራሱን ጭን ጠፍ አደረገ።